በእናቴ ስም የወጣ አረቄ

ሆሳዕና ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች እስከ ዛሬ «ወይዘሮ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ። ጢሜ ደረቴ ላይ ወርዷል፣ ሳስል የጎረቤት በሬ ይደነብራል፣ ግን ወይዘሮ ነኝ። አልቀየምም። ስንቱ ማዕረጉን በአማላጅ አገኘ፤ እኔ የኔን ያገኘሁት በላቤ ነው።

እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። አባቴ ከሸዋ ይዟት ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ሳይሰበር የደረሰው ዕቃዋ የአረቄው ማሰሮ ክዳን ብቻ ነበር ይባላል። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤታችን የቆመው በዚያ ክዳን ነው። እኔ ጨውና አቡጀዴ ጭኜ ቦኖሻና ሀደሮ ገበያ እመላለስ ነበር፤ ከገበያ ይዤ የምመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነበር።

እናቴ ዳምቦያ ውስጥ የክርስትና ልጅ ነበረቻት። ልጅቷን ክርስትና ያነሳቻት ቀን፣ «ስትዳሪ የሠርግሽን አረቄ የማወጣው እኔ ነኝ» ብላ በሰው ፊት ቃል ገብታለች። ልጅቷ አደገች፣ ታጨች፣ ሠርጉም ደረሰ። እናቴ ድፍድፉን አዘጋጅታ፣ ጌሾው ከብቅሉ ጋር በጋኑ ውስጥ እየፈላ ሳለ ከበቅሎ ወደቀች። ወጌሻው ክንዷን በቀርከሃ ደግፎ በእንሰት ቃጫ ጠፈረውና፣ «እንኳን ማሰሮ፣ ማንኪያ እንዳታነሺ» ብሏት ሄደ። ድፍድፍ ደግሞ ክንድ እስኪድን አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል።

«ከሌላ ቤት ገዝተን እንላክላቸው» አልኳት።

«የሌላ ሰው አረቄ ይዘህ ሄደህ የእናቴ ነው ልትላቸው?»

«በምን ያውቃሉ፣ እማዬ?»

«እኔ አውቃለሁ።»

እህት የለኝም። ሚስት ያኔ አልነበረኝም። በቤቱ ውስጥ ሁለት ጤነኛ ክንድ ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እናቴም ክንዶቼን አይታ በረጅሙ ተነፈሰች።

በማግስቱ ሕመሙ አድክሟት እንቅልፍ ወሰዳት። ሳትነቃ ሁሉን አሰናድቼ ላስደንቃት ፈለግሁ። ከሴት ሥራ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማጠን። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠላ ሊጠመቅ ሲል፣ እንስራውን በሚጤሰው ወይራ ላይ ደፍቼ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እና ለአረቄው መቀበያ የተዘጋጀውን አዲስ ገንቦ አጥቤ፣ በወይራ አጠንኩት። አንዴ አጥኜ ጥሩ ሲሸተኝ ደገምኩት። ከዚያ የድፍድፉን ግማሽ ማሰሮው ውስጥ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ አረቄው የሚወርድበትን ቀርከሃ ከክዳኑ ወደ ገንቦው አሻገርኩ፣ ገንቦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሥር እሳቱን እንደ ደመራ አነደድኩት።

ወረደ። ዐይኔ እያየ አረቄ ወረደ። እኔ ነኝ ያወረድኩት ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

እናቴ ስትነቃ በስኒ ሰጠኋት። ምላሷ ላይ አድርጋ፣ ዞር ብላ ተፋችው።

«ገንቦውን ምን አድርገኸዋል?»

«አጠንኩት።»

«አጠንከው?»

«በወይራ። ሁለቴ።»

በዚህ መሃል ጎረቤታችን የኔታ ገቡ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማሰሮ በተጣደ ቁጥር የሚገቡበት ምክንያት አያጡም። ስኒውን ተቀብለው ጨለጡና ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ልጄ» አሉ፣ «ይሄን የጠጣ ሰው ሲሞት ካህን ማጠን አያስፈልገውም። ታጥኖ ነው የሚሄደው።»

እናቴ ሳቀች። ሳቁ ክንዷን አመማትና ደግሞ አለቀሰች። እኔ የቱን እንደምከተል ጠፍቶኝ ቆምኩ።

ዐይኗን ስትጠርግ፣ «ስማ» አለችኝ። «ጠላ ጭስ ይወዳል። አረቄ ግን እንዳንተ ነው፤ ያየውን የሰማውን ሁሉ ተሸክሞ ይወጣል። ጭስ ካሸተተ ጭስ ያወራል፣ ጭቃ ከነካ ጭቃ ያወራል። የቀረን ግማሹ ድፍድፍ ነው። እሱም ከተበላሸ ቃሌ ተበላ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ። እናቴ ቃሌ ተበላ ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ያን ገንቦ እንስራ ለተሰበረባት ጎረቤት ሰጥቼ ሌላ ፈለግሁ። ጭስ ያልነካው፣ ቅቤ ያልገባበት ገንቦ ሆሳዕና ውስጥ መፈለግ ሥራ ነው፤ አፍንጫዬን በገበያው ሸክላ ሁሉ ውስጥ እየከተትኩ ዞርኩ። ሸክላ ሻጮቹ እብድ መስዬአቸው ነበር። ትልቅ አፍንጫ ተሰጥቶኝ በዋለልኝ ቀን እንኳ አልተከበረልኝም።

የማሰሮውንና የክዳኑን መጋጠሚያ ለመድፈን ደግሞ ጭቃ በእበት ለውሼ ስመጣ፣ የጓሮ ጎረቤታችን የሀዲያዋ ሴትዮ አየችኝ። እናቴን እህቴ የምትል፣ እኔን ሰው የማትለኝ ሴት ናት።

«ምን ልትለስን ነው፣ ቤት?» አለችኝ።

«ማሰሮ ነው፣ እትዬ።»

«እናትህ በዚህ አትደፍንም።» ሄዳ ከጓሮዋ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ መጣች። እሳት ላይ አለፍ አድርጋ አለዘበችው፣ ከሥሩ ሊጥ አስለጠፈችኝና ቅጠሉን ጠቅልላ በቃጫ አሰረችው። ልክ የእናቴን ክንድ መሰለ።

«ሚስት ብታገባ አይሻልህም?» አለችኝ ቋጠሮውን እያጠበቀች።

«ሚስትማ አረቄዬን ቀምሳ ትመጣለች።»

«እንግዲህ ቆመህ ቀረሃ።»

የቀረው ድፍድፍ ተጥዶ እሳቱ ሲነድ፣ እናቴ መደብ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተኝታለች፤ ግን ጆሮዋ ገንቦው ውስጥ ነው። እሳቱን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ሳትዞር ታውቃለች።

«እንደ ፍየል ሽንት ወረደ። እንጨቱን አውጣ።»

አወጣለሁ።

«አሁን ጠብ ጠብ ይላል። እንዲሁ ይቆይ። አረቄ በጉልበት አይወጣም፣ ተለምኖ ነው።»

የገንዳው ውሃ ሞቅ ሲል እየደፋሁ ቀዝቃዛ አመጣለሁ፤ ከምንጭ ቤት፣ ከቤት ምንጭ። ምንጩ ጋ ያሉት ልጃገረዶች ወይዘሮ ያሉኝ ያን ቀን ነው። እናቴ መጀመሪያ የወረደውን ትንሹን ለብቻ አስቀዳችኝ፤ «እሱ ራስ ይመታል፣ አይጠጣም። ለክንዴ ማሻ ይሁን።» ከዚያ በኋላ የመጣውን መዳፌ ላይ አፍስሼ አሽቼ አሸተትኩት። ምንም አላለኝም። ጭስ የለም፣ ጭቃ የለም። እህሉ ብቻ ከሩቅ ይመጣል፣ የበቆሎ ማሳ ዳር እንደማለፍ።

ገንቦው ሳይሞላ እናቴ «በቃ፣ ቁረጥ» አለች።

«ገና እየወረደ እኮ ነው።»

«ከዚህ በኋላ የሚወርደው ውሃ ነው።»

«የሠርግ ቤት ነው፣ እማዬ። ጎዶሎ ገንቦ ይዤ ልግባ?»

ወደ እኔ ዞረች። «ሥራው ያለው በአንተ እጅ ነው። አንተ ፍረድ።»

አዲስ የወረደውን ቀመስኩት። ለስላሳ ነበር፣ ግን ከጀርባው የኮመጠጠ ነገር ነበረው። ገንቦውን ልሙላው ብል ማንም አይከለክለኝም። ቀርከሃውን ነቀልኩት። ጎዶሎውን ገንቦ በንጹህ ቅጠል አፉን አሰርኩ።

ዳምቦያ የገባሁት በበቅሎ ነው፤ ገንቦው በበቅሎዋ ላይ፣ እኔ በእግሬ። የሙሽራዋ አባት አረቄ ቀማሽ ናቸው፣ አገር ያውቃቸዋል። ገንቦውን አንስተው መዘኑት፤ ጎዶሎ መሆኑን ማወቃቸው ነው። ስኒ ውስጥ ጥቂት ቀዱና እሳት ለኮሱበት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ጸጥ ብሎ ነደደ። ሌላ ቀዱ፣ ፉት አሉ፣ ደግሞ ፉት አሉ። እኔ የበቅሎዋን ልጓም እንደ ጸሎት መቁጠሪያ እያሸሁ ቆሜያለሁ።

«ወድቃለች ብለውን አዝነን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ክንዷ ዳነላት ማለት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ስለ ራሴ ለመናገር እንዲህ የተመቸኝ ጊዜ አልነበረም። ምንጩንም፣ አፍንጫዬንም፣ የእንሰት ቅጠሉንም ልተርክ ነበር።

«እየተሻላት ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

ቤት ስመለስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ምን አሉ?» አለችኝ፣ ገና በቅሎዋን ሳላስር።

«ክንዷ ዳነላት ወይ አሉ።»

በደህናው እጇ የነጠላዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ከዚያ፣ «እሳቱን ግን መሃል ላይ አብዝተኸው ነበር» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«በል ጋኑን እጠበው። ለፋሲካ ደግሞ እንጠነስሳለን።»