ባሌ፣ ሐፊሯና እኔ

የሌላ ሴት ባል በሚስቱ ይቀናል፤ የእኔው ምስጋናው የሚቀናው በኩሬ ነው። ጎረቤት ከፈለገ ይሳቅ፣ እውነቱ ይኸው ነው። እሱ ሌላ ሰው እንዳይነካት ይቀናል፣ እኔ ደግሞ እሱን ስለወሰደችብኝ እቀናባታለሁ። ጣውንት ያላት ሴት ሲብስባት ጸጉሯን ይዛ ትጎትታታለች። ውሃን በምን ይዘው ይጎትቱታል?

በዐረብኛ ሐፊር ይሏታል። ክረምት ከሜዳው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብላ እስከሚቀጥለው ክረምት ሰውና ከብት የምታጠጣ፣ በሰው እጅ የተቆፈረች ሰፊ ኩሬ ናት። ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት መንደሮቻችን ቧንቧ አያውቁም፤ ጉድጓድ ቢቆፈርም የሚወጣው ጨው ጨው የሚል ነው። ሐፊሯ ከደረቀች ውሃ የሚመጣው ከከተማ በአህያ ጋሪ ነው፣ እሱም ለሁሉ አይደርስም። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ነው በጣውንትነት የያዝኳት።

ምስጋናው ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ገና ጢሙ በቅጡ አልወጣም ነበር። አጨዳው አልቆ ጓደኞቹ በመተማ በኩል ሲመለሱ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ ነበር አሉ። በዚያው ሰሞን የሐፊሯ ዳር ተናደና መንደሩ ነፊር ተጠራራ። ነፊር የእኛው ደቦ ማለት ነው፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው አካፋውን ይዞ ይመጣል፣ የጠራው ያበላል። ምስጋናውም አካፋ ይዞ ገባ፣ ይኸው እስካሁን አልወጣም። እኔን ከመተማ ያመጣኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀድማኛለች፤ አንደኛዋ ሚስት እሷ ናት፣ እኔ ሁለተኛዋ።

ጠዋት እንዴት አደርሽ ሳይለኝ ሄዶ እሷን አይቶ ይመጣል። ልጃችን ሐመልማል የተወለደች ቀን ሰው ቢላክበት የተገኘው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው። ሕፃኗን ከማቀፉ በፊት እጁን በሐፊሯ ውሃ ታጥቦ እንደመጣ ነገረኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት። ዛሬ ሐመልማል ኒው ሀልፋ ተድራ የራሷ ቤት አላት፣ ሰውየው ግን ያው ነው።

መሬቱንና ውሃውን የሚጠብቅ ለጅና አለን፤ ኮሚቴ ማለት ነው። ከየመንደሩ የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ዐረቡም ሐውሳውም የእኛም ሰው አለበት። ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም፤ ያለው ጭቃ፣ ስድብና ስብሰባ ነው። ሊቀመንበሩ ሼኽ እስማኤል የሚባሉ የአገሬው ሽማግሌ ናቸው። ምስጋናው በለጅናው ውስጥ የሐፊሯ ኃላፊ ነበር፤ የእሾህ አጥሯን ያጥራል፣ ከብት ያባርራል፣ ደለሏን ያስጠርጋል። የበሯን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ከማዕተቡ ጎን፣ ሲተኛም አያወልቀውም። ስንት ሌሊት ያ ቁልፍ ጉንጬን እንደቆረቆረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጦርነቱ ከካርቱም ያሰደደው ሰው ወደ መንደሮቻችን ሲገባ ሐፊሯ የምታጠጣው አፍ በዛ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከእርዳታ ድርጅት፣ ከተፈናቃዩ ጋር የሚነጋገር ሰው አስፈለገ። ምስጋናው ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ ዐረብኛው የአጨዳ ዐረብኛ ነው፤ ቁጣና ሰላምታ ብቻ። ለጅናው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሐፊሯን ለሳብሪን ሰጠ።

ሳብሪን የገዳሪፍ ልጅ ናት። አባቷ የወሎ ሰው፣ በገበያው ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ፣ የሼኽ እስማኤልን ልጅ አግብታ መንደራችን ገባች። አማርኛዋ መሀል ላይ ዐረብኛ ይሆናል፣ ሳቋ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። ለምስጋናው የመሬቱ ሥራ ተሰጠው፤ በየማሳው የአፈር ክትር ማሠራት። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ በእጇ አልሰጣትም፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። እሷ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችና «ሹክረን፣ ያ ዓሚ። አንተ ያቆየኸውን ነው የምጠብቀው» አለችው። አመሰግናለሁ አጎቴ ማለቷ ነው። ባሌ ግን የሰደበችው ይመስል ፊቱ ጠቆረ።

እኔ? እኔማ ደስ አለኝ። ባሌን አገኘሁት ብዬ። ጣውንቴ በሌላ ሰው እጅ ገባች፣ እንግዲህ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ያወራል ብዬ።

አወራ፣ ምን ያደርጋል! ወሬው ሁሉ ሳብሪን ሆነ። ሳብሪን አጥሩን አጣመመችው። ሳብሪን ጋሪዎቹን በማይሆን በር አስገባች። ሳብሪን ነፊር ስትጠራ አገሩ ሁሉ ወጣ፣ እኔ ስጠራ ግን ወገቤን አመመኝ የሚለው ይበዛል ይላል። እራት ላይ ሳብሪን፣ መኝታ ላይ ሳብሪን። ስድብ ቢሆንም ስሟ ስም ነው፤ እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ስሜ በአፉ ተደጋግሞ አያውቅም።

«ከኩሬው ወጥተህ ወደ ሴት ዞርክ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ምን ትያለሽ፣ ያለምወርቅ! ልጄ የምትሆን!»

«ለልጅህማ ይህን ያህል አታወራላትም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ሰኔ ሊገባ ሲል ሳብሪን የሐፊሯን መግቢያ ቦይ ለማስጠረግ ለዓርብ ጠዋት ነፊር ጠራች። ምስጋናውም ይህን እንደሰማ ለዚያው ዓርብ ጠዋት ነፊር ጠራ። በሰው ቀን ላይ ነፊር መጥራት ነውር ነው፣ ያውቀዋል። ከላይ ሜዳው ላይ ተረስ ላሠራ ነው አለ። ተረስ የሚሉት በማሳው ግርጌ የሚዘረጋ ረጅም የአፈር ክትር ነው፤ ውሃ አቁሞ መሬቱን ያጠግባል፣ ከዚያ ማሽላ ይዘራበታል። ሰውን ወደራሱ ለመሳብ ምን አደረገ መሰላችሁ? ትልቅ ሙክት ገዛ። ዐረቦቹ እንዲበሉለት በሼኽ እስማኤል ልጅ፣ በሳብሪን ባል እጅ አሳረደው! እኛ የእስላም ሥጋ አንበላ፣ ቀኑ ደግሞ ዓርብ፣ ጾም። ለማልቀምሰው ወጥ ሽንኩርት ስከትፍ አነጋሁ። ጨው ይብዛ ይነስ ማን ይወቅልኝ?

የሥጋው ሽታ የሳብሪንን ሰዎች ከቦዩ አንድ በአንድ ነቅሎ አመጣቸው። እሷ ከጥቂት ሴቶች ጋር ቀረች፤ ቦዩን ግን ጠርጋ ጨረሰች። በእኛ በኩል ተረሷ ረዘመች፣ ወፈረች። አገሩ አንድ ልማድ አለው፤ ነፊሩን የጠራው ሰው የመጀመሪያውን ቅርጫት አፈር ሲደፋ ለተረሷ ስም ያወጣላታል። አንዱ በእናቱ ይሰይማታል፣ አንዱ በሞተች ግመሉ። እኔ ያኔ ድስቱ ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ማታ ማን አልካት ብዬ ብጠይቀው «ስም ምን ይሠራላታል» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ሳብሪን ብሎ ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩ። አዎ፣ እዚያ ድረስ ደርሼ ነበር።

የተረስ ጫፍ ክፍት ይተዋል። ውሃው ሲበዛ በዚያ ሹልክ ብሎ ወደ ታች ይሄዳል። ምስጋናው የተራራ ልጅ ነው፤ በእነሱ አገር ውሃ ካልዘጉት አፈሩን ጠራርጎ ቁልቁል ይዞት ይሄዳል። የዚህን አገር ሜዳ ቁልቁለት ግን ዓይን አያየውም። ሁለቱንም ጫፍ ዘጋቸው። «ወደ ሐፊሯ የሚሄደው ውሃ በዚህ በኩል አልነበረም?» ብዬ ብጠይቀው «ሜዳ አይደል እንዴ፣ ወዴት ይሄዳል?» አለኝ። በማርያም ምሎልኛል አላወቅሁም ብሎ። እኔ ግን አብሬው የኖርኩ ነኝ፤ ግማሹ ምስጋናው አላወቀም፣ ግማሹ ያውቅ ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ መጣ። ተረሷ ያዘች! ውሃው ተኝቶባት ሰማዩን ያሳያል። ወንዶቹ ለማየት እየመጡ እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ፣ ባሌ ደረቱን ነፍቶ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። እኔ በመንገድ ሳልፍ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ፤ የወጡ ጨው መስሎኝ አፈርኩ። ሐፊሯ ግን ከታች አፏን ከፍታ ቀረች። ዝናብ ዘነበ፣ ደግሞ ዘነበ፤ ወለሏ ረጠበ እንጂ ዳክዬ እንኳ የሚዋኝበት አልያዘችም።

ፍልሰታ ሲፈታ ሳብሪን ከሐፊሯ ተነሥታ ባዶውን ቦይ ተከትላ በእግሯ ወደ ላይ መጣች፣ ሼኽ እስማኤልና የለጅናው ሰዎች ከኋላዋ። ቦዩ የሚያልቀው የባሌ ተረስ እግር ሥር ነው። ሁሉም አየ። ባሌ ስድብ እየጠበቀ ቆሟል፤ ለስድብ መልስ ሞልቶታል።

«ወላሂ፣ ያ ዓሚ፣ እንዲህ ያለ ተረስ አይቼ አላውቅም» አለች ሳብሪን። «ጠብታ አላሳለፈችም።»



ሼኽ እስማኤል በዐረብኛ ቀስ ብለው ነገሩት። የቀረው ዝናብ ጥቂት ነው። ይህ ዋልካ አፈር ውሃ ተኝቶበት አንዴ ከተቆረጠ አይጠገንም፤ ውሃው ተረሷን እንዳለች ይዟት ይሄዳል፣ የተዘራውም ማሽላ አብሮ። ካልተቆረጠ ግን መንደሮቹ በሙሉ የሚጠጡት የላቸውም። «የሠራሃት አንተ ነህ፣ አንተው ወስን» አሉና ሄዱ።

ቤት ገብቶ ምግብ አልቀመሰም። እኔ ሆዬ በልቤ ምን አልኩ? ትድረቅ! እስቲ አንድ ዓመት እንኳ ትድረቅልኝ፣ የማን ሚስት እንደሆንኩ ልየው። ከዚያ ማድጋዬን አየሁ፤ ግማሽ ነበር። በጎረቤት ያለችው የካርቱሟ ተፈናቃይ በጠዋት ጀሪካን ይዛ ደጄ መቆሟ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ በራሴም ተናደድኩ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በኢትዮጵያ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ምስጋናው አካፋውን አነሣ።

«ሳብሪን ትቁረጣት» አልኩት። «ውሃውን የፈለገችው እሷ ናት።»

«የእኔን ተረስ ማንም አይነካትም!» አለ፣ ቅናቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ። «እኔው እቆርጣታለሁ።»

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ስንደርስ የለጅናው ሰዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል፣ አካፋ የያዘ ግን የለም። ምስጋናው ወደ ጫፉ ሄዶ ቆመ፣ አልጀመረም። ሳብሪን አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ማዓሌሽ፣ ያ ኻልቲ» አለችኝ። አይዞሽ አክስቴ ማለቷ ነው። «በስምሽ የተጠራች ባትሆን ይሻል ነበር።»

«በማን ስም?»

«አልነገረሽም እንዴ? ባሌ የመጀመሪያው ቅርጫት ላይ አጠገቡ ነበር። ባልሽ ‹ያለምወርቅ› ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ እኮ እንዲሁ ነው የሚጠራት፤ ያለምወርቅ ሞላች፣ ያለምወርቅ ያዘች እያለ።»

ወንዶቹ በመንገድ የሚስቁት ለካ ለዚህ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሚስቱ ማን እንደሆነች ስጠይቅ ኖሬ መልሱን የሰማሁት አካፋው ሲነሣ ነው። ልጮህ ነበር፣ ተው ልለው፣ የእኔን ተውልኝ ልለው። የካርቱሟ ሴት ጀሪካን ፊቴ ላይ ድቅን አለና አፌን ያዝኩ። ምስጋናው ቀና ብሎ አየኝ። እንደሰማሁ ገባው። ጎንበስ ብሎ ቆረጠ።

መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ፈሰሰ። ከዚያ ጭቃው እየተገመሰ ወደቀ፣ ማሽላው ከነሥሩ ተንሳፈፈ፣ ተረሷ ከወገቧ ተበጠሰች። ዝናቡም በዚያው ወረደ። ውሃው ሳብሪን በጠረገችው ቦይ እየጮኸ ሲወርድ ባሌ አካፋውን ጥሎ አብሮት ሮጠ፣ እንደ ጎረምሳ፣ ወደ ሐፊሯ። ወደ እኔ ዞር አላለም። እኔ ከራሴ ስባሪ ላይ ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜ ቀረሁ፣ ሳብሪን ክንዴን እንደያዘች። እሷም መሮጥ አምሯት ነበር፤ አልሄደችም።

ዝናቡ ሲያባራ ወርደን ደረስንበት። በሩ ላይ ቆሟል፣ ቁልፍ የለውማ። ሳብሪን ከፈተችለት፣ ቀድሞ ገባ፣ እሷም መንገድ ለቀቀችለት።

«ሞላች» አለኝ ጎኑ ስቆም።

«ያቺኛዋስ?»

«በበጋ እንደገና እንሠራታለን። ጫፏን ክፍት ትተን።»

«ስሟስ?»

«ስሟ ያው ነው» አለ። ዓይኑ ግን ከሐፊሯ ላይ አልተነሣም።