ዋንጫው ወደ ጉርድ ሾላ የሄደ ጊዜ

የልጅ ልጆቼ ኳስ የቆርቆሮ አጥሬን ድው ባደረገው ቁጥር፣ ልቤ ወደዚያ ክረምት ትሸሻለች።

ጊዜው እንግዲህ የደርግ ነው። የታላቅ ወንድሜ የታደሰ ቡድን፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች፣ ዓመቱን ሙሉ ሲመራ ከርሞ መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ተበለጠ። ጭቃ የጠጣ ማሊያቸውን ወንዝ ወርጄ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጉርድ ሾላዎች ዋንጫውን ብርዝ ሞልተው ሲያዞሩት፣ አምበላቸው የአክስቴ ልጅ ነውና፣ እህቱ አልማዝ ተጎነጨችለት። ከዚያ ከንፈሯን እየላሰች፣

"አይዞሽ፣ ሁለተኛም እኮ ደረጃ ነው!" አለችኝ።

በእጇ የያዘችውን ዋንጫ በቅናት ትክ ብዬ አየሁት። እያለቀስኩ ቤት ስገባ እናቴ የታደሰን እግር እያጠበች ታንጎራጉራለች።

"እማዬ፣ ተበላን እኮ!"

"ተመስገን በይ። ዘንድሮስ ስሙ ያልተጠራ ልጅ ይሻለኛል።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ደስታዋ ብቻ አናደደኝ።

ብዙም ሳይቆይ ለጦር ሜዳ ጎረምሳ ሲመለመል፣ አገር ያወቀው የጉርድ ሾላ አምበል፣ የአልማዝ ወንድም፣ መጀመሪያ ተጠራ። አልተመለሰም።

አልማዝ ዛሬም እየመጣች ትጠይቀኛለች። ሽበታሙ ታደሰ "ቡና አፍሉልን እንጂ!" እያለ ሲቀልድ ትክ ብላ ታየዋለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። አንዴ የእኔም ነበር።