ለበዓል የተቻኮለው ሐዲድ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የኦቦ ቱፋን ነገር ግን መርሳት አልቻልኩም።

ከናዝሬት ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሸንኮራ እርሻ ውስጥ የግንባታ ኃላፊ ነበርኩ። ሠራተኛው ከካምፑ እስከ ፋብሪካው በእግሩ ይኳትን ስለነበር፣ እሱን ለሚያመላልስ ትንሽ ባቡር ሐዲድ እንድንዘረጋ ተወሰነ። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በግንቦት አፈሩን ሞልተን፣ ክረምቱን አሳልፈን፣ ሐዲዱን በኅዳር ልናነጥፍ ነበር።

ሰኔ ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ባቡሩ ለመስከረም ሁለት፣ ለአብዮቱ በዓል መሄድ አለበት ተባለ። አይቻልም ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል የኖረበት ያውቃል። «ይቻላል» አልኩ።

የሐዲድ አንጣፊዎቹ ካቦ ኦቦ ቱፋ ነበሩ፤ የሁሩታ ሰው፣ ከሃምሳ ያለፉ፣ ለንግግር የማይቸኩሉ። ከስብሰባው ስወጣ ጠብቀው ለብቻዬ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጥቁር አፈር ነው። አዲስ ሙሌት ክረምት ካልጠጣ አይቀመጥም። ሐዲድ ብትጭንበት ይሰምጣል።»

«አውቃለሁ ኦቦ ቱፋ። ግን ቀኑ ተቆርጧል።»

«ቀኑን የቆረጠው ሰው አፈሩን አይቶታል?»

መንገዴን ቀጠልኩ። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩኝም፤ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ በስብሰው ሥራውን በቀኑ አደረሱልኝ። እኔም ሪፖርቱ ላይ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ብዬ ፈረምኩ።

በበዓሉ ቀን እንግዶቹ ባንዲራ በተሰቀለበት ፉርጎ ተሳፈሩ። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄዱ ሐዲዱ በአንድ ጎኑ ሰመጠና ፉርጎው ቀስ ብሎ አጠገቡ ባለው የመስኖ ቦይ ውስጥ ተጋደመ። ደግነቱ የተጎዳ ሰው የለም። ሹማምንቱ እስከ ወገባቸው ጭቃ ለብሰው ሲወጡ የሳቀም አልነበረም።

በማግስቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። አሻጥረኛ ይፈለግ ነበርና ጣት ሁሉ ወደ ካቦው ዞረ። ሰብሳቢው ያን ትልቅ ሰው አንተ እያለ፣ «አፈሩ እንደማይችል እያወቅክ ለምን አልተናገርክም?» አላቸው።

«ተናግሬያለሁ» አሉ። «የሰማኝ ሰው እዚሁ አለ።»

ስሜን አልጠሩም፤ ወደ እኔም አላዩም። እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ የምጽፍ መሰልኩ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ እስር ቤት ፈራሁ፤ መቼም ሰው ምክንያት አያጣም። «ከሥራ ይባረር» ሲባል ከሌላው ጋር እጄን አወጣሁ። በሳምንቱ ከነቤተሰባቸው የካምፑን ቤት ለቀው ወጡ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሁሩታ ሄድኩ። አውድማ ላይ አገኘኋቸው፤ ሸብተዋል። «አካም፣ ልጄ» ብለው ተነሱና ቤታቸው አስገቡኝ። ለባለቤታቸው «የድሮ አለቃዬ ነው። ጥሩ ሰው ነው» አሏቸው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና እርጎ ቀረበ። ነገሩን ላነሳ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ብላ እንጂ» እያሉ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። እኔም እያመነታሁ በላሁ፤ ከዚያ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ።

ጥሩ ሰው ያሉኝ ከልባቸው ይሁን እንዲያመኝ ብለው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው የራሴን ነው፤ አፍራለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ጠግቤ ተመለስኩ።