ሃምሳ ስድስት ግራም ኖራ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኬሚስትሪ አስተማሪያችን በዓመቱ አጋማሽ ለዘመቻ ተጠራና ሄደ። በምትኩ የመጣው ሰው የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እሱ ማስታወሻውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን። ከጠየቅነው ይቆጣል። ስሌት የሚባለውን ሁሉ በግላችሁ አንብቡት ብሎ ዘለለው። አልፈርድበትም፤ እሱም አያውቀውም ነበር።

ሲግናል ሰፈር፣ እኛ ቤት ሆኖ የሚማር የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል። እኔ ማትሪክ ብወድቅ እቤት ተቀምጬ ጥልፍ እጠልፋለሁ። እሱ ከወደቀ ግን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግበዋል፣ ከዚያም ሰሜን ጦር ግንባር ነው። አክስቴ ይህን ስለምታውቅ ልጄን አስጠኚልኝ ብላ አደራዋን እኔ ላይ ጣለች። የክፍሉ ጎበዝ እባል ነበር። ጉብዝናዬ ሽምደዳ መሆኑን ማንም አልጠረጠረም፣ እኔም ጭምር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እየተመላለስን ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው በቃላችን ያዝን። መቶ ግራም የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ስንት ግራም ኖራ ይወጣል? ሃምሳ ስድስት። እሱ አንዳንዴ ቆም ይልና ለምን ሃምሳ ስድስት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ለምኑን ተወው፣ ዝም ብለህ ያዘው እለዋለሁ። ትዕግሥት አልነበረኝም። ዛሬም ይህን ሳስብ ራሴን እጠላለሁ።

ፈተናው ላይ የኖራው ጥያቄ መጣ፤ ድንጋዩ ግን ሃያ አምስት ግራም ሆኗል። ከምርጫዎቹ መካከል ሃምሳ ስድስት ቁጭ ብላለች። የሚያውቁትን ሰው ያገኙ ያህል ደስ ብሎን ሁለታችንም አጠቆርናት። ከሃያ አምስት ግራም ድንጋይ ሃምሳ ስድስት ግራም ኖራ! ሌሎቹንም ስሌቶች እንዲሁ አደረግናቸው። እኔን እንግሊዝኛና ታሪክ ጎትተው አሳለፉኝ። እሱን የሚጎትተው አልነበረም።

ቀበሌው ጠርቶት ሊሄድ ሲል ያንን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፎ አመጣልኝ።

«አሠራሩን አሳዪኝ፤ ስመለስ እንደገና እፈተናለሁ።»

እርሳሱን ተቀበልኩት፤ ከየት ልጀምር? አላውቀውም ለማለት አፈርኩ።

«ስትመለስ አሳይሃለሁ» አልኩት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አሠራሩን ስማር፣ ሃምሳ ስድስትን ለአራት ማካፈል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መርዶው ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር።