አየሁት ያልኩት ድኩላ

ነገሩ የተጀመረው አባቴ ቡራዩ ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም ያላት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቀሚስ አልብሶ የሚያቆማትን ማለቴ ነው። «እንደምን አደሩ እመቤቴ» ብሎ ጎንበስ አለላት። ዝም ስትለው ደግሞ «ምነው፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አላት። ልብስ ሰፊው ከውስጥ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ወዲያው አብሮት ሳቀና «ስቀልድ እኮ ነው» አለ። እኔ ግን ከጎኑ ነበርኩ። አልቀለደም።

ሰበታ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ «በቃ፣ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበይው» አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ ሰበታ ተቀምጦ ማዘዝ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የቱሪስት ሹፌር ነበር፤ ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ፈረንጆችን ጭኖ ያልገባበት ጫካ የለም። «ዶሮ እንኳን ገጭቼ አላውቅም» ይላል፣ ሰው ጠየቀውም አልጠየቀውም። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያረጀች ሰማያዊ ቮልስ ገዛ። ቁልፏን በረጅም ክር አስሮ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። እንግዲህ ያንን ነው «ተቀበይው» የምባለው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው እንደማይሄድ አውቃለሁ። ሞክሬዋለሁ፤ «ዓይኔን ምን አየሽበት?» ብሎ አፌን አስይዞኛል። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። አንድ ምሽት እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ለፈረንጁ ሁሉ ያሳየኸውን አራዊት ለእኛ ለልጆችህ አንድ ቀን እንኳን አሳይተኸን ታውቃለህ?» አልኩት። ቅዳሜ ገፈርሳና ሱሉልታ፣ እሁድ ደግሞ በሰበታ በኩል ሱባ ደን እንግባ፣ ቀድሞ ያየ ይመዝገብለት፣ ብዬ ደብተር አወጣሁ። በአንዱ ገጽ ላይ «አባዬ» ብዬ ጻፍኩ፣ በሌላው ላይ «እኔ»። የአራዊት ቆጠራ ተብዬው የዓይን ምርመራ መሆኑ ነው። አባቴ ፊቱን ወደኔ አዙሮ «ይሁን» አለ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። ያን ፈገግታ ያኔ ብጠረጥረው ምን ነበረበት።

ቅዳሜ ማለዳ ገፈርሳ ደረስን። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን ከፍቶ ነው የነዳው፤ ብርዱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። «ዝጋው እንጂ አባዬ» ስለው «ወፍ በመስታወት ውስጥ አይታይም» አለኝ። የባለሙያ ቃል ነው ብዬ ተቀበልኩ። ውሃው ዳር ቆመን ሞተሩን አጠፋና እኔ ገና በሬን ሳልከፍት «ዝይ» አለ። «ሰማያዊ ክንፍ ያላት፣ ከኛ አገር ውጪ የማትገኘዋ። ጻፊ።» ከጎረቤት የተዋስኩትን አቅርቦ ማያ መነጽር ስደቅን እውነትም አሉ፤ ሳሩ ላይ ጎርደድ ጎርደድ ይላሉ።

«ከሸምበቆው ወዲህ ለብቻዋ የቆመችዋስ?» አለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ።

አየሁ። ከሸምበቆው ወዲህ አንድ ቢጫ ጄሪካን ወድቋል። ሌላ ምንም የለም።

«አዎ፣ አየኋት» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። አባት ጣቱን ቀስሮ ያሳየውን ነገር «የለም» ማለት እኛ ቤት ነውር ነው። ልጅ ሆነን ጨረቃ ላይ ሰው አለ ብሎ ቢያሳየን ሰውዬው ኮት ለብሷል ብለን እንጨምርበት ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ዓይን ልፈትን መጥቼ እኔው መውደቄ አሳፈረኝ። በሱ ገጽ ላይ «ዝይ፣ ለብቻዋ» ብዬ ጻፍኩለት።

ከዚያ ወዲያማ ጉዴ ፈላ። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ስንወርድ «ቁራ» ይላል፣ ቁራ አለ። «ጋጋኖ፣ ከኋላችን» ይላል፣ ዞር ስል ከኋላችን እየጮኸች ትመጣለች። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ዝም ይልና ይናገራል፤ እኔ እያሰበ መስሎኝ ነበር። በመሃል በመሃል ደግሞ እኔ የማላየውን ያያል። ወንድሜ ደወለ።

«ስንት ለስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ ለአራት።»

«አራት ብቻ? አላልኩሽም፣ ቁልፉን ተቀበይው።»

«አራቷ የኔ ናት» አልኩት።

«እህቴ፣ ሐኪም ቤት የምትሄጂው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግን ጥርጣሬ ገባኝና ከዚያ በኋላ ባገኘሁት የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ማንበብ ጀመርኩ።

ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ሳቅ የሌለበት ነገር ሆነ። ጭድ የጫነች የፈረስ ጋሪ ዳር ይዛ ቆማለች፤ አንዲት ሴትዮ ወርደው የፈረሱን ልጓም ያስተካክላሉ። ጋሪዋ ከሩቅ ትታያለች። ፍጥነት ይቀንሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀነሰም። በኔ በኩል የሌለ ፍሬን ረገጥኩ፣ አፌ ግን አልተከፈተም። ፈረሱ ሲያሽካካ ነው መሪውን የጠመዘዘው፤ ጭዱ የኔን በር ጠረገው። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ሴትዮዋ ቆመዋል፣ ደህና ናቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

«አይቻታለሁ» አለ አባቴ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አዎ» አልኩ። ትንሽ ሄድ ብለን ቆምንና አንድ ቋጥኝ አሳየኝ። «ሥሩ የተኛውን ቀበሮ አየሽው?» ቋጥኙ ሥር ቋጥኝ ነው ያለው። «አየሁት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ቡራዩ ተመለስን።

እሁድ በማለዳ ተነሳን። ይቅርብን ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ሰበታ ወንድሜ ቤት ቁርስ በላን። ወንድሜ ደብተሩን ገለጠና አባቴን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንቁላሉን መብላቱን ቀጠለ። አባቴ ዓይኑ ሥር አባብጦ ነበር። እንቅልፍ እንዳጣ ያስታውቃል።

ሱባ ደን መግቢያው ላይ ጠና ያለ የደን ጠባቂ ተቀበለን። «አካም ጅርቱ ኦቦ» ብሎ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። አባቴም በኦሮምኛ ከነከብቱ ከነቀዬው ጠይቆ አስደሰተው። ጠባቂው መንገድ እያሳየን በእግር ገባን። ጥዱ ከላይ ገጥሞ ፀሐይ አያስገባም፤ መሬቱ ርጥብ ነው። አባቴ «ዳገት ነው» ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ሜዳው ላይም አላነሳውም።

«ጉሬዛ» አለ። እውነትም ከላይ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ፣ ነጭ ጭራቸው ዥዋዥዌ ሲጫወት አየሁ። ጻፍኩለት። እንዲህ እያልን ሄደን አንድ ገላጣ ቦታ ላይ ስንደርስ አባቴ ትከሻዬን ጨመቀና በሹክሹክታ «እንዳትንቀሳቀሺ፣ ድኩላ» አለ። «ከፊታችን፣ ከግንዱ ጎን። እያየን ነው።»

አየሁ። ግንድ አለ።

«አየሽው?»

«አየሁት» አልኩ።

«ቀንዱስ?»

«ያምራል አባዬ። ጠምዘዝ ያለ ነው።»

«ወንድ ነዋ።»

«ወንድ ነው እንጂ።»

አባቴ ወደ ጠባቂው ዞረ። «አንተስ ወንድሜ፣ አየኸው?»

ሰውዬው እኔን አየኝ፣ ግንዱን አየ፣ የጫማውን ክር አየ። «አባ ኮ፣ አባቴ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «እኔ የማየው የወደቀ ዛፍ ነው። ድኩላ የለም።»

አባቴ ሳቀ። ግንዱን በእጁ ዳብሶ አገኘና ተቀመጠበት። «ደብተሩን አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። «እንግዲህ ለብቻዋ የቆመችውን ዝይ ሰርዢ። ቀበሮውን ሰርዢ። ይሄን ድኩላ አትጻፊ። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

«የቀሩትስ?» አልኩ፣ ኩም ብዬ።

«የቀሩትን ሰማኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረንጅ ወፍ ሲያይ መኪና ውስጥ ሆኜ ስጠብቅ ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሻል? ስሰማ ነዋ።»

ጠባቂው ራቅ ብሎ አንድ ዛፍ በትኩረት መመርመር ጀመረ። ጨዋ ሰው ነው።

«ለምን ነበር የመጣነው?» አለኝ አባቴ።

«ዓይንህን ልፈትን» አልኩት። ምን ይደረግ፣ አልቋል።

«አውቄአለሁ። ደብተር ስታወጪ ነው ያወቅሁት። ላሞኝሽ ብዬ ገባሁ፣ ደስም ብሎኝ ነበር።» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ጋሪዋን ግን አላየኋትም። ፈረሱ ባያሽካካ...» ብሎ አቆመ። «ሌሊቱን ስለሷ ሳስብ አደርኩ። በይ፣ ውጤቴን ንገሪኝ።»

ማመን ያቅታችኋል፣ «ደህና ነህ አባዬ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ልማድ ነው። ደብተሩን አጠፍኩና እግሩ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

«አታይም አባዬ። መንዳት የለብህም። ትናንት ሰው ልንገድል ነበር፣ እኔም ዓይኔ እያየ ዝም አልኩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከሸሚዙ ውስጥ ክሩን ስቦ አወጣ፣ በራሱ ላይ አሾለከና እጄን ፈልጎ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከደረቱ ስለወጣ ይሞቅ ነበር።

«ትናንት ብትነግሪኝ ትናንት እሰጥሽ ነበር» አለ።

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ ለጠባቂው ጮክ ብሎ «ይቺ ልጅ የሌለ ድኩላ ቀንድ አየች» እያለ አስቀው።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ቮልስ ግን ነድቼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። አባቴ በተሳፋሪው ወንበር ተቀምጦ በየማርሹ ያቃስታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት መሄድን አንስቼ «እሺ» አለኝ፤ «አነዳድሽን ባላየው እመርጥ ነበር» ብሎ ጨመረበት እንጂ።

ከደኑ ልንወጣ ስንል ከቁጥቋጦው አንድ ነገር ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ መኪናዋ ጠፋች። የወጣችው እንስሳ መንገዱ መሃል ላይ ቆማ አየችን።

«ምንድነው?» አለ አባቴ።

«ድኩላ።»

ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ከዛሬ ጠዋት ወዲህ እኔ ድኩላ አየሁ ብል ማን ያምነኛል። ኮቴዋ ድምፅ አይሰጥም፤ ሊሰማት አይችልም።

«ቀንዱስ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የለም አባዬ» አልኩት። «ቀንድ የላትም። ሴት ናት።»

ወንበሩን ተደግፎ ወደ መስታወቱ ዞረ። እስክታልፍ ድረስ ጠበቅናት።

«እሷን ጻፊ» አለኝ።