በሩ ላይ የወጣው አንበሳ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ጋራዥ ነበረኝ። ጋሽ ቶሎሳ በጃንሆይ ጊዜ በሶደሬ መንገድ የተሽቀዳደሙባትን አሜሪካ ሠራሽ መኪና አምጥተው፣ «አድሳት፤ ኦርጅናልነቷን ግን እንዳታጠፋብኝ» አሉኝ። እኔም ለሙያዬ ታማኝ ነኝና ኋላ የተደረበውን ግራጫ ቀለም በጥንቃቄ ፋቅሁት። ከሥሩ፣ በሩ ላይ፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ ብቅ አለ።

ቀለሙ ለምን እንደተደረበ የገባኝ ያኔ ነው። መሸፈኛ ጨርቅ ፍለጋ ዞር ስል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከነሽጉጣቸው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው ጓድ?»

«ኦርጅናል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

ጎንበስ ብለው አንበሳውን ትክ ብለው አዩት። እኔ በልቤ ሚስቴ እስር ቤት ስንቅ የምታመላልስበትን መንገድ እመርጥላት ጀመር፤ በባቡር ጣቢያው በኩል ጥላ አለ። በመጨረሻ ቀና አሉና የጋራዡን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ጅራቱስ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ጓድ?»

«ጅራቱን አብረህ ፍቀኸዋል። ስሥለው ሦስት ቀን የፈጀብኝ እሱ ነበር» ብለው ኮታቸውን አወለቁ። «በል፣ ቀጭን ብሩሽ ፈልግልኝ።»