የቅሬ እህል በአል-ዒዳቢ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪናዬን ጎማ ላስጠግን ጎሚስታው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከቆርቆሮው ሥር የተሰቀለው ሬዲዮ ክርክር ያሰማ ነበር። አንድ የሃይማኖት አባት ለይፋዊ ጉብኝት ወደ አንድ ከተማ ሊመጡ ነው፤ የመስተንግዶው ወጪ ከግብር ከፋዩ ገንዘብ ይሸፈን ወይስ አይሸፈን? አንዱ ደዋይ እንግዳ የአገር ነውና አገር ይክፈል ይላል። ሌላው የእሳቸው ተከታይ አይደለሁም፣ ግብሬን ግን የከፈልሁት እኔ ነኝ ይላል። ጎሚስታው ጎማውን ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልግ ነበርና ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ይላሉ?» አለኝ።

ለመመለስ አፌን ከፈትሁ። የመጣልኝ ግን አንድ ቦታ ነበር፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ፣ ከጂዛን ከተማ ወደ ተራሮቹ በሚያወጣው መንገድ፣ አል-ዒዳቢ አጠገብ ያለ የማንጎ እርሻ።

ስለዚያ ዘመን ስጽፍ በትዝታዬ ላይ ሙሉ እምነት የለኝም። በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ነው፤ አንድ መምህራችን፣ ምስክር ካየው ይልቅ ኋላ የሞላው ይበዛል ይሉን ነበር። ራሴን ስመረምር እውነታቸውን ነው እላለሁ። የምነግራችሁ ቀን በማንጎ ለቀማ ማብቂያ ላይ እንደ ዋለ አስታውሳለሁ፤ አብሮኝ የነበረው ሰይድ ግን ዛፉ ገና አበባ ነበር ይላል። አቧራውን ብቻ ሁለታችንም አንክድም፤ ከቀይ ባሕር ዳር ሜዳ ተነሥቶ ተራራውን የሚጋርድ፣ ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሽ አቧራ።

ተመርቄ ሥራ ያጣሁ የሐይቅ ልጅ ነበርሁ። እንደ ብዙዎቹ በባሕርና በየመን በኩል አልፌ መጀመሪያ የደረስሁት የሳዑዲና የየመን ድንበር ሥር ወዳለችው አል-ኹባ ነው። ከወሎ የመጡ ወጣቶች እዚያ ፍየልና በግ ይጠብቃሉ፣ ማሽላ ያርማሉ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ በእጃችን አልነበረም። የነበረን ቅሬ ነው። ቅሬ በእኛ አገር እስላም ክርስቲያን ሳይል ሟችን የሚቀብር፣ ለቅሶ ቤት እህል ይዞ የሚደርስ ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። ዳኛችን አያ ይመር ነበሩ፤ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው። ከደመወዛችን ላይ ሁላችንም እናዋጣ ነበር፤ ጥቂት ክርስቲያኖች ነበርንና እኔም እንደ ሌላው አዋጣለሁ። ያ መዋጮ ግብራችን ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያ ምድር ከዚያ በቀር መንግሥት አልነበረንም።

የየመኑ ጦርነት እስከ ድንበሩ ሲመጣ የአል-ኹባ ነዋሪዎች መንደሩን እንዲለቁ ታዘዙ፤ እኛ ከከብቱ ጋር ቀረን። አንድ ማለዳ ከየት እንደ ተተኮሰ ያላወቅነው ከባድ መሣሪያ የሰይድን ታናሽ ወንድም፣ ሑሴንን፣ ውኃ ሲቀዳ ገደለው። ቅሬው ቀበረውና በዚያው ቀን ወደ አል-ዒዳቢ ሸሸን። ለቅሶ አልተቀመጥንለትም፤ አላለቀስንለትም። አዲሱ አሠሪያችን፣ በዐረብኛ ከፊል የምንለው፣ ማንጎውን እንድንለቅም ከፓምፑ ቤት አጠገብ አስጠጋን።

የሰይድ እናት፣ እማማ ዘሃራ፣ ወረባቦ ውስጥ የልጃቸውን ሞት ሳይሰሙ ይኖሩ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ ብቻዋን ያለች እናት ጆሮ ላይ ቃሉን ጥሎ ስልክ መዝጋት ግፍ ነው። ስለዚህ አርብ አርብ እናቱ ሲደውሉ «እስቲ ሑሴንን አገናኘኝ» ይላሉ፤ ሰይድ ደግሞ የስልክ መረብ የማይደርስበት በረሃ ከመንጋ ጋር ነው ይላቸዋል። እንዲህ ሲል ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ እህል አይቀምስም ነበር። የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ የሚያምኑት ሰው አግኝቶ መርዶውን በወጉ ማስነገር።

በዚህ መካከል ከጂዛን ከተማ ወሬ መጣ። የወረባቦ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው አንድ ሼህ ለዑምራ ወደ መካ መጥተው፣ ወገኖቻቸውን በይፋ ሊጎበኙ ወደ ጂዛን ይወርዳሉ። ጉብኝቱን ያዘጋጁት ወረቀት ያላቸው የከተማው ነጋዴዎች ናቸው። እኛ መንገድ ላይ ባለው የፈቃድ ፍተሻ ምክንያት መውረድ አንችልም፤ ሼሁ ወደ እኛ እንዲወጡ ከፈለግን የመኪናው ኪራይና የመስተንግዶው በግ በእኛ ነው። ቅሬያችሁ ይሸፍን የሚል መልእክት ደረሰን።

የዐስር ሶላት፣ የከሰዓቱ፣ ከተሰገደ በኋላ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። የእኔን ሐሳብ ሁሉም ያውቀው ነበርና አንዱ ገና ሳልናገር «ጃሚዓ ሕግ ሊያነብልን ነው» አለ። ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው፤ እዚያ በሌላ ስም የጠራኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ቅሬ የሞት ነው፣ የሁላችንም ነው፤ ለአንዱ ሃይማኖት አባት ጉብኝት ማውጣት ልክ አይደለም፤ የፈለገ ከራሱ ኪስ ያዋጣ አልሁ።

«ነገ ቄስ ቢመጣ ከቅሬ ትከፍላላችሁ?» ብዬም ጠየቅሁ።

«ቄስ ጂዛን ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለኝ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሌላው ደግሞ የሼሁ ዱዓ ወረቀት የሌለውን የሚያድኑትን ፓስፖርት ፖሊሶች የሚያስጠፋ ከሆነ የቅሬውን ቀርቶ የራሱን ደመወዝ እንደሚሰጥ ማለ። ቀጥሎ ግን ነገሩ መረረ። ከራስ ኪስ ማዋጣቱ እንዳይሆን፣ አሠሪያችን የወሩን ደመወዝ ገና አልከፈለንም። አንዳንዱ ሼሁ መምጣታቸው ለተራራው ሁሉ በረከት ነው ይላል፤ አንዳንዱ፣ ከእስላሞቹም ጭምር፣ ከእኛ አንዱ ነገ ቢሞት በምን ልንቀብረው ነው ይላል።

«እኔ በረከት አልጠየቅሁም» አለ ሰይድ በመጨረሻ። «እናቴ ቤት የሚገባ ሰው ነው የጠየቅሁት። እኚህ ሰው ከሄዱ ሌላ ማን ይመጣልኛል?»

ከወደ ደቡብ፣ ከድንበሩ በኩል፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተራራውን መታና ጠፋ። አያ ይመር መሬቱን እያዩ ፈረዱ።

«ጃሚዓም ልክ ነው፣ ሰይድም ልክ ነው። በጉ ይታረድ። ሼሁ ግን ከየት እንደ ተገዛ ሳይነገራቸው እጃቸውን አይሰዱም። ከሰሙ በኋላ አልበላም ቢሉ ኸላስ፣ አበቃ። የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

«ለምን እኔ፣ አያ?»

«የተቃወምህ አንተ ነሃ። ያላ፣ ተነሡ።»

ሼሁ የመጡት በማግሥቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን ረስቼዋለሁ። ከአቧራማ ፒካፕ ሲወርዱ ያየኋቸው አጭር፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሽማግሌ ነበሩ። ለክብራቸው አሠሪያችን ካዋሰን ትራስ ላይ አስቀመጥናቸው። ሥጋው ከሩዝ ጋር፣ ከጎኑም የጂዛን ሰዎች ኸሚር የሚሉት ኮምጣጣ የማሽላ ቂጣ ቀረበ፤ የአገራችንን የማሽላ እንጀራ ስለሚያስታውሰን እንወደው ነበር። እጃቸውን ታጥበው ወደ ገበታው ሲዘረጉ አያ ይመር ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ።

«አባ፣ ከመቅመስዎ በፊት ልንገርዎ» አልሁ፤ ድምፄ ቀጥኖ ይሰማኛል። «ይህ በግ የተገዛው በቅሬ ገንዘብ ነው። ክርስቲያንም ያዋጣበታል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለጉብኝት መውጣቱንም ተቃውሜ ነበር።»

ከከተማው አብሯቸው የመጣው ነጋዴ «ዓይብ! ነውር ነው!» ብሎ ተቆጣኝ። ሼሁ በአገጫቸው ዝም አሰኙትና የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«የቅሬ እህል ከሆነ ለቅሶ አለ ማለት ነው» አሉ። «የማን ነው ለቅሶው?»

ሰይድ ከኋላ ተነሣ። «የእኔ ነው አባ። ሑሴን ነው፤ የዘሃራ ትንሹ።»

ሼሁ ከትራሱ ተነሡ። በምርኩዛቸው እየተደገፉ በተቀመጡት መካከል አልፈው፣ ሰይድ አጠገብ ባዶው መሬት ላይ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተቀመጡ። «እንግዲያውስ ለጉብኝት አልመጣሁም» ያሉ ይመስለኛል። ሰይድ ግን ምንም አላሉም፣ እጄን ብቻ ነው የያዙት ይላል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። መሬት ላይ መቀመጣቸውን ሁለታችንም አይተናል። ያን ጊዜ መጀመሪያ አያ ይመር፣ ቀጥሎ ሁላችንም፣ ለሑሴን አለቀስን። ፓስፖርት ፖሊስ ይሰማናል ብሎ የፈራ አልነበረም፤ ወይም እኔ አላየሁም።

ለቅሶው ሲበርድ ሼሁ ገበታውን አስቀረቡ። «አሁን ይበላል» ብለው ለሰይድ አጎረሱት፤ ዋጠው። ወደ እኔም ዞረው፣ «ልጄ፣ ባትነግረኝ በልቼ ሄጄ ነበር» አሉኝ። እየበሉ የቤቱን በር፣ የጎረቤቶቹን ስም፣ እማማ ዘሃራ የልብ ሕመም እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው አንድ በአንድ ጠየቁ። ራሳቸው ማለዳ ከመንደሩ ቅሬ ጋር እንደሚገቡ ለሰይድ ቃል ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ስንት አርብ እንዳለፈ አላውቅም። አንድ ቀን ስልኩ ጮኸና ሰይድ አነሣው። እናቱ ሑሴንን አገናኘኝ አላሉም። «አንተስ በልተሃል?» ነው ያሉት። ሰይድ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ያዘ ማንጎው ሥር ቁጭ አለ።

ስለ ግብሩ ክርክር ዛሬም ሐሳቤ ብዙ አልተለወጠም። የጋራ ገንዘብ ለምን እንደሚወጣ መጠየቅ አለበት፤ እንግዳው ታላቅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። እኔ የማመሰግነው ግን ጥያቄዬ ሳይቆጡ የሚሰሙ ሰው ዘንድ በመድረሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በነጋዴው ቁጣ ያበቃ ነበር፤ ሰይድም እስከ ዛሬ በረሃ ያለ መንጋ ይፈጥር ነበር።

ሰይድ ተመልሶ አሁን ወረባቦ ያርሳል። ባለፈው እሑድ እናቱን ልጠይቅ ወጣሁ። ደጋው ላይ ካፊያ ነበር፤ እማማ ዘሃራ ገንፎ አቀረቡልኝና ከጎኔ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ክንዴን እየዳሰሱ፣ ከዚህ በፊት ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቁኝ።

«መቃብሩ ጥላ አለው?»

አንድ የቁርቁራ ዛፍ ይታየኛል። ነገር ግን ዛፉ የመቃብሩ ይሁን የውኃው ጉድጓድ፣ ወይም እኔው ኋላ በትዝታዬ የተከልሁት ይሁን፣ መማል አልችልም። እሳቸውን መዋሸት አልፈለግሁምና ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እኔም ድምፁን እየረሳሁት ነው» አሉ። «አንተ የረሳኸውን ሰይድ ይዞታል፣ እሱ የረሳውን አንተ። ለአንድ ልጅ ይበቃዋል። በል ብላ፣ ቀዘቀዘብህ።»

በላሁ።